የሞርፊን ሽሮፕና የሕመምተኛው ሶብር



ባለፈው ዓመት አጎቴን ልጠይቅ ከሐይቅ ወደ አምባሰል ሄጄ ነበር። ከአፋቸው የጀመረው ካንሰር አንገታቸው ድረስ ዘልቋል፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ የሚቻለው ሕመሙን ማስታገስ መሆኑን ነግረውናል። ከደሴ የመጣው የሞርፊን ሽሮፕ ግን ብዙም ሳይነካ ተቀምጧል።

«አጎቴ፣ ለምን አይወስዱትም?» ብላቸው፣
«ልጄ፣ ሐሺሽ ጠጥቼ ጌታዬ ዘንድ ልቅረብ?» አሉኝ።

ንግግራቸው ልብ ይነካል፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። ለመስከር መጠጣትና ስቃይን ለማስታገስ በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ለየቅል ናቸው። ዑለማኦች እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለሕክምና፣ በሚያስፈልገው መጠን ፈቅደዋል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል፤ ሶብር መድኃኒት መተው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሞርፊንን እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተቋቋመው እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ለመርዳት ነው።

ሌላው ስሕተት የእኛ የቤተሰቡ ነበር። ሽሮፑን የምንሰጠው ሲያቃስቱ ብቻ ነው፤ «ሱስ ይሆንባቸዋል» እያልን። በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም የሚወስድ ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንድ ነው። ሽሮፑ የሚሠራው 4 ሰዓት ያህል በመሆኑ ሕመሙ እስኪነሳ ከተጠበቀ መልሶ ለማብረድ ያስቸግራል። ስለዚህ ቢያምም ባያምም ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ሌሊት 4 ሰዓት ይሰጣል። እንቅልፍ እንዳይቋረጥ ሐኪሙ የሌሊቱን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። በመካከሉ ሕመም ቢነሳ የሚሰጠውንም አስቀድማችሁ ጠይቁት።

በማንኪያ መገመት አደገኛ ነው፤ የአንዱ ጠርሙስ ጥንካሬ ከሌላው ይለያልና መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ይለካ። መዋጥ ላቃተው ፈሳሹ ይሻላል። ቀስ ብሎ እንዲሠራ የተዘጋጀን ኪኒን ፈጭቶ መስጠት ግን ሊገድል ይችላል! ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብታና ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋሉ። ቢጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹም የዘገየ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው። በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆምም አይገባም። ረመዳን ሲመጣ ብዙዎች የቀኑን ይዘላሉ፤ ሕመምተኛ ማፍጠር የተፈቀደለት ለዚህ ለዚህ አይደል?

አጎቴ የእኔን አልሰሙም፤ የመንደሩ ሸኽ መጥተው ሲነግሯቸው ነው እሺ ያሉት። ሰዓቱን የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው በሞባይል ያዘች። እስከዚያ ተኝተው ይሰግዱ የነበሩት ሰው በሦስተኛው ቀን ዙህርን ተቀምጠው ሰገዱ።