መዞሪያው የት ነው?

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ አካፋይ ባለው መንገድ ላይ እንዳሻቸው ስለሚዞሩ ሾፌሮች ወሬ ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎልማሳ «ቅጣቱን አሥር እጥፍ ማድረግ ነው፤ ያኔ ማን ይዞራል?» አሉ። ብዙው ተሳፋሪ ደገፋቸው። እኔ ተናደድኩ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 557/2016 ወጥቶ ቅጣቱን ከፍ ካደረገ በኋላም «አሁንም ይጨመር» ነው ጩኸቱ!

ሾፌር ያልተፈቀደ ቦታ ላይ መሪውን የሚያዞረው አስልቶ ነው። ሕጋዊው መዞሪያ ድረስ ሄዶ መመለስ ነዳጁንና ጊዜውን ይበላበታል፤ በየቀኑ የማይቀርለት ኪሳራ ነው። ቅጣቱ የሚደርስበት ግን ትራፊክ ፖሊሱ እዚያ ከቆመ ብቻ ነው። የት እንደሚቆም ደግሞ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ያውቃል፤ የማያውቅ ቢኖር ከፊት የሚመጣው ሾፌር መብራት ብልጭ አድርጎ ይነግረዋል። አንድ ሰው አይደርስብኝም ብሎ ያመነበትን ቅጣት አምስት መቶ ብር አልከው አምስት ሺህ፣ ምን ይለውጥለታል?

ነገሩን ቀላል አድርጌ ያየሁት እንዳይመስል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል። የተጫነ አይሱዙ አካፋዩን አልፎ ለመዞር አሥር ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ ያ መኪና በዚያች ቅጽበት ከ200 ሜትር በላይ መጥቷል። መንገዱ በጭነት መኪናው ተዘግቶ ሲያገኘው የሚሸሽበት የለውም። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ክስ፣ የሚከፈል ብር ለሟች ቤተሰብ ምኑ ነው?

መፍትሔውን ለማየት የአዲስ አበባ–አዳማን ፈጣን መንገድ ተመልከቱ። ወደ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚዞር ሾፌር ብዙም አይታይም። ቅጣት ፈርተው ነው? መሐሉ በብረት አጥር ተዘግቷል፤ መግቢያና መውጫው የታወቀ ነው፣ መመለስ የፈለገ በማሳለጫው ወጥቶ ይመለሳል። የአዲስ አበባው ቀለበት መንገድ ላይ ደግሞ የኮንክሪት አጥሩ መዞርን ከለከለ፤ ግን መመለሻው የራቀበት ሾፌር በጎን መንገዱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመጣባችሁ አልገጠማችሁም? አጥር ሠርቶ መዞሪያ መንፈግ አደጋውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

እኛ ዘንድ፣ ወለጋ፣ ጉዳዩ ይብሳል። ከኑኑ ቁምባ ወረዳ እህል ጭኖ የሚወጣ ሾፌር ባኮንና አምቦን አልፎ አዲስ አበባ እስኪገባ የሚነዳው በአብዛኛው አካፋይ በሌለው መንገድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያሻው ቦታ ላይ ሲዞር የኖረ ሰው ነው። እናንተ ኃላፊዎች ግን ምልክት ሳታቆሙለት፣ ማሠልጠኛ ውስጥ ሳታስተምሩት፣ የቅጣት ደብተር ይዛችሁ ትጠብቁታላችሁ!

ቅጣት ይነሳ አላልኩም። ያጠፋ ይቀጣ፤ አውቆ የሚደጋግም መንጃ ፈቃዱን ይነጠቅ። ግን ነገ የነቀምቴና የሌሎቹ የወለጋ ከተሞች አስፋልት አካፋይ ሲገባለት፣ መዞሪያው ከመናኸሪያው፣ ከገበያውና ከሆስፒታሉ ስንት ሜትር ላይ እንደሚሆን ፕላኑ ላይ ይታይ። ኃላፊዎቹ ስለ ቅጣት ሊነግሩን ሲሰበስቡን መጀመሪያ ያንን ፕላን ይዘው ይምጡ።