«ሙሉ እረፍት» መድኃኒት አይደለም

ሱሉልታ የሚሮጥ ልጅ ተረከዙን ሲያመው መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ይሄዳል፤ ቀጥሎ መርፌ ይወጋል። እኔ ጋ የሚመጣው ሁለቱም ሳይሆኑለት ሲቀሩ ነው። «ዶክተር፣ ውድድር ደርሶብኛል» ይለኛል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ማረሙን ግን ከተውኩት ቆየሁ።

ወጌሻን አልነቅፍም፤ እጃቸው የተባረከ አውቃለሁ። የማልስማማው «ሙሉ እረፍት አድርግ» በሚለው ምክር ነው። ከተረከዝ በላይ ያለው የአኪለስ ጅማት ሥራ ሲፈታ ይደክማል። ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት 15 ሯጮች ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ተረከዛቸውን በዝግታ ወደ ታች እንዲያወርዱ አደረገ፤ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንታት። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። 15 ሰው ትንሽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ጥናቶችም ሁሉም አልዳኑም። ቢሆንም ልምምዱ የሚፈልገው አንድ ደረጃ ብቻ ነው!

ልጁ በደህናው እግሩ ሽቅብ ይነሳል፣ በታመመው ብቻ ይወርዳል። ያመዋል፤ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። አሰልጣኙ ግን ፊቱ ሲጨማደድ አይቶ ያስቆመዋል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም ይህንኑ ጅማት ታምሞ ነበር። ድሉን እናወራለን፤ ከኦሎምፒኩ በኋላ የተደረገለትን ቀዶ ጥገና እንዘለዋለን።

ክለቦችም እንዲሁ ናቸው፦ ሰዓት ይመዘግባሉ፤ የጉዳት ደብተር ግን አላየሁም። ማን፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ በየትኛው ጫማ ታመመ? የሚጀምር ክለብ ካለ ሜዳው ድረስ ሄጄ አሞላሉን አሳያለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመቸኛል።