የድሃው ጠበቃ ደመወዝ ከየት ይምጣ?

ደብረ ታቦር፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል የአገራችን ሰው። በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ይህ ብሂል ዛሬም ሕያው ነው። ከፋርታ እስከ ላይ ጋይንት፣ ከእስቴ እስከ ስማዳ አርሶ አደሩ ስለ እርሻ ድንበር፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ግጦሽና ስለ መስኖ ውኃ ይሟገታል። ከተሜውም ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ ውልና ስለ ቀለብ ይከራከራል። ሕዝቡ ፍርድን የሚሻ ስለመሆኑ ጥርጥር የለም። የሚቸግረው ጉዳዩን በሕግ ቋንቋ አደራጅቶ በችሎት የሚያቀርብለት ባለሙያ ማግኘት ነው።

ያ ባለሙያ ጠበቃ ነው። ጠበቃም የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ልጆች ያሳድጋል። መክፈል የማይችለውን ሰው የሚያገለግል ጠበቃ ኑሮውን በምን ይመራ? ይህ ጥያቄ መልስ እስካላገኘ ድረስ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈው ፍትሕ የማግኘት መብት ለብዙዎች ከወረቀት አያልፍም።

ከቀበሌ እስከ ሰበር

በቀደመው ዘመን ተሟጋቹ በዳኛ ፊት ቆሞ «በላ ልበልሃ» እያለ በአንደበቱ ይረታ ነበር። አንደበተ ርቱዕ ያልሆነውም ነገር አዋቂ ያቆም ነበር። ዛሬ ሙግቱ በጽሑፍ፣ በማስረጃና በቀነ ገደብ የሚመራ ነው። አንድ የመሬት ክርክር ብዙ ጊዜ በሽምግልና ተጀምሮ፣ ካልተፈታ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይግባኙ ደብረ ታቦር ለሚያስችለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ባሕር ዳር ለሚገኘው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የተባለ ጉዳይ በሰበር አዲስ አበባ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀናት ውስጥ ነው። ስድሳ ቀን ረጅም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የውሳኔ ግልባጭ ለማግኘት፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ለማጠራቀምና ይግባኙን የሚጽፍ ሰው ለመፈለግ፣ ያውም በአጨዳና በውቂያ ወቅት፣ ቶሎ የሚያልቅ ጊዜ ነው። በዚህ መካከል ለብዙው ገበሬ የቅርብ ደራሹ በፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። የእርሱ ሥራ ግን ወረቀቱ ሲፈረም ያበቃል፤ ችሎት ገብቶ ምስክር አይጠይቅም፤ ለተቃዋሚው ጠበቃ ክርክር መልስ አይሰጥም።

መሬትን ለምሳሌ እንውሰድ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲሰፍር መደረጉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ደብተሩ ላይ ስሟ የተጻፈ ሴት ስትፋታ ወይም ባሏ ሲሞትባት፣ ይዞታዋን ከወንድም ወይም ከአማች ለማስመለስ ተሟጋች ያስፈልጋታል። የመብቱ መመዝገብና የመብቱ መከበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሕጉ የሰጠውና ያልሰጠው

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ፣ ከመንግሥት ጠበቃ እንዲመደብለት ያዛል። ተከላካይ ጠበቆች የሚቀጠሩት ይህን ግዴታ ለመወጣት ነው።

ልዩነቱን ልብ ማለት ያሻል። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚያሰጠው ድንጋጌ የተጻፈው ለተከሰሰ ሰው ነው። መሬቷን የተነጠቀች መበለት፣ ቀለብ የተከለከለች እናት ወይም ካሳ ያነሰው ገበሬ በወንጀል አልተከሰሱምና በዚህ አንቀጽ አይሸፈኑም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ድሃ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል ክስ እንዲመሠርት ይፈቅዳል። ይህም በር መክፈቱ መልካም ነው፤ በበሩ አስገብቶ የሚሟገትለትን ሰው ግን አይሰጥም።

ክፍተቱን ለመሙላት ሕግ አውጪው ጠበቆችን ተስፋ አድርጓል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩ ጠበቆችን ሥነ ምግባር የወሰነው ደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዟል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 199/1992 ደግሞ ለሕብረተሰቡ ጥቅምና መብት ያለ ክፍያ ለሚሟገቱ ሰዎች ልዩ የጥብቅና ፈቃድ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። የሕዝብ ጠበቃነት በሕጋችን ዘንድ የታወቀ ሥራ ነው ማለት ነው። ችግሩ ፈቃድ እንጀራ አለመሆኑ ነው። ሃምሳውም ሰዓት ቢሆን ምስክር የበዛበት አንድ የመሬት ክርክር ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። ጠበቆች ደግሞ የሚኖሩት ገበያው ባለበት በከተማ እንጂ በየወረዳው ገጠር አይደለም።

ምንጩ የደረቀበት ዘመን

የነጻ የሕግ አገልግሎት በኢትዮጵያ ምን ሊሠራ እንደሚችል በተግባር ካሳዩት መካከል በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቀዳሚ ነው። ማኅበሩ በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን ለገደለች ታዳጊ ጠበቃ አቁሞ ራስን የመከላከል መብቷን በፍርድ አስከብሯል። ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በማግባቱ ከቅጣት የሚያመልጥበት የቀድሞው ሕግ እንዲለወጥም ተሟግቷል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያን ማምለጫ ዘግቶታል። የአንዲት ልጅ ጉዳይ የብዙ ልጆች ዋስትና ሆነ። የሕዝብ ጥቅም ጥብቅና ማለት ይኸው ነው።

ይህ ሥራ ግን በአመዛኙ በውጭ እርዳታ የቆመ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብዓዊ መብት፣ በሴቶች እኩልነትና በፍትሕ ዙሪያ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሠራተኞቹን ለመቀነስና አገልግሎቱን ለማጥበብ ተገደደ። ልምድ ያካበቱ ባለሙያዎች ተበተኑ፤ ወጣቶችም ዘርፉን መተዳደሪያ አድርገው ማየት አቆሙ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገደቡን ቢያነሳም፣ በአሥር ዓመት የተበተነ ሙያ በአንድ ፊርማ አይሰበሰብም።

በዚያ ክፍተት ውስጥ ሸክሙን ከተሸከሙት መካከል የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንና ተማሪዎች በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ሲያማክሩ፣ ማመልከቻ ሲጽፉና ሲሟገቱ ቆይተዋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ማዕከላትን ደግፏል። ነገር ግን የፕሮጀክት ገንዘብ የመጨረሻ ቀን አለው፤ የመሬት ክርክር ግን በፕሮጀክት ዘመን አያልቅም።

የውጭው ምንጭ ምን ያህል የማይታመን እንደሆነ ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. በድጋሚ ታይቷል። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያቆም በፍትሕና በመልካም አስተዳደር ዙሪያ የሚሠሩ ድርጅቶች በብዙ አገሮች ሥራ አቁመዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የቀጠለው ግጭት ባለጉዳዩም ባለሙያውም በመንገድ እንዳይመላለሱ ባደረገበት ወቅት ይህ መደረቡ ጫናውን አክብዶታል።

ባለሙያው ለምን አይቆይም?

የሕግ ተማሪ አምስት ዓመት ተምሮ፣ የመውጫ ፈተና አልፎ ሲመረቅ ከፊቱ ዐቃቤ ሕግነት፣ ዳኝነት፣ በመሥሪያ ቤትና በባንክ የሕግ ባለሙያነት፣ እንዲሁም የግል ጥብቅና ይጠብቁታል። ተከላካይ ጠበቃነት ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላው ሥራ መሸጋገሪያ ነው። የመዝገቡ ብዛት፣ ወደ ማረሚያ ቤትና ወደ ወረዳ ለመመላለስ የትራንስፖርት እጥረት፣ የቢሮ ቁሳቁስ አለመሟላት ተደማምረው ትጉሁን ሳይቀር ያሰለቻሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኑሮ ውድነቱ በቋሚ ደመወዝ የሚኖረውን ሁሉ አጥብቆ ይዞታል።

ባለሙያው ሲለቅ የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው። አዲሱ ጠበቃ መዝገቡን እንደገና ያጠናል፤ ቀጠሮ ይራዘማል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ምስክር ተመልሶ ይሄዳል። አንዳንዴም ይመለሳል፤ አንዳንዴም አይመለስም።

ከሌላው ምን እንማር?

የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የሕግ ድጋፍ ተቋም ከመንግሥት በጀት ደመወዝ የሚከፈላቸው ጠበቆች አሉት። አዲስ የሕግ ምሩቃንም በነባር ጠበቆች ሥር ሆነው የሙያ ልምምዳቸውን በዚያ ይሠራሉ። ምሩቁ ልምድ ያገኛል፤ ድሃው ጠበቃ ያገኛል። አሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. በሕግ ያቋቋመችው ተቋም ለየአካባቢው የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች ከፌዴራል በጀት ገንዘብ ያከፋፍላል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አሥር ዓመት በሕዝብ አገልግሎት ሠርቶ ብድሩን በወቅቱ ለከፈለ ምሩቅ ቀሪው የትምህርት ዕዳ እንዲሰረዝ አድርጋለች።

እኛም አገር የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ሥርዓት አለ፤ ምሩቅ ዕዳውን ከደመወዙ ይከፍላል። በዞኑ ወረዳዎች ለተወሰኑ ዓመታት በነጻ የሕግ ድጋፍ ያገለገለ ባለሙያ ዕዳው በአገልግሎቱ እንዲታሰብለት ማድረግ ቢያንስ ሊጠና የሚገባው ሐሳብ ነው።

ምን ይደረግ?

በጀት ጠባብ ነው፤ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ይቅደም የሚል ክርክር ይነሳል። ክብደት ያለው ክርክር ነው። ሽምግልና ይበቃል የሚሉም አሉ። ሽምግልና በእርግጥ ብዙ ደም አድርቋል፤ ወደፊትም ቦታው ትልቅ ነው። ነገር ግን አንደኛው ወገን ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ሲሆን፣ ወይም ሴቲቱ ከባሏ ዘመዶች ጋር ስትከራከር፣ ከሽምግልናው ጀርባ ሕግ መኖሩ ሚዛኑን ይጠብቃል። ፍርድ ያጣ የድንበር ጠብ ወደ ደም መቃባት ሲያመራ ደግሞ የሚከተለው ወጪ ለአንድ ጠበቃ ከሚከፈለው ደመወዝ እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ለፍትሐ ብሔር የሕግ ድጋፍ በክልልና በዞን በጀት ውስጥ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የራሱ ቋሚ መደብ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ በነጻ የሕግ ድጋፍ የተሠራ ዘመን ለዳኝነት ሹመትና ለደረጃ ዕድገት በግልጽ ክብደት ይሰጠው። ሦስተኛ፣ የጠበቆች የነጻ አገልግሎት ሰዓት በከተማ ተወስኖ እንዳይቀር፣ በገበያ ቀን በወረዳ ፍርድ ቤቶች ተራ ገብተው የሚያማክሩበት መርሐ ግብር ይዘርጋ።

ባለጉዳዮችም የድርሻቸው አለ። የውሳኔ ግልባጭ ወዲያውኑ መጠየቅ፣ የይግባኝ ቀነ ገደብ ሳያልፍ ምክር መፈለግ፣ አቅም የሌለውም በጊዜ የድህነት ማስረጃ ከቀበሌ አውጥቶ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይኖርበታል። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ማቆም ካልቻለ በመጀመሪያው ቀጠሮ ለዳኛው ይናገር።

«በሕግ አምላክ» ሲባል የተናደደ ሰው እንኳ እጁን የሚሰበስብበት አገር ነው። ይህ ክብር ጸንቶ የሚኖረው ሕግን የጠራ ሰው ሕግ ሲደርስለት ነው። የደራሹ ደመወዝ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄም በሚቀጥለው የበጀት ውይይት፣ በየምክር ቤቱ ፊት፣ በስሙ ተጠርቶ ሊነሳ ይገባዋል።