ሃንዲካፕ አካል ጉዳት አይደለም፤ ጎልፍም ምሕጻረ ቃል አይደለም

ወዳጆቼ፣ ይቺ ትንሽ ረዘም ትላለች። የቸኮለ ይለፋት።

ዱባይ ውስጥ አንድ የጎልፍ ሜዳ ላይ የምትሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን አንድ ልጥፍ ላከችልኝ። ከእነዚያ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ብለው ከሚጀምሩት ነው። «ጎልፍ ማለት የአራት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደል ነው፤ ትርጉሙም ለወንዶች ብቻ፣ ለሴቶች ክልክል ማለት ነው» ይላል። ሺህ ሰው ሼር አድርጎታል። ዝቅ ሲል ደግሞ ከአንድ የውጭ ዜና የተተረጎመ አለ፦ «የአካል ጉዳቱ 12 የሆነው ተጫዋች ውድድሩን በድል አጠናቀቀ።»

ልጅቷ ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጨምራለች፦ «ቲቸር፣ አሁንም አካል ጉዳት ነው እንዴ?»

ይቺ «አሁንም» የገባችው እኔ ላይ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በትርጉም ክፍለ ጊዜ አንድ አጭር የስፖርት ዜና ሰጥቻቸው ነበር። እሷ «ሃንዲካፕ» የሚለውን እንዳለ ትታ፣ ከጎኑ «ደካማው ተጫዋች ከጎበዙ ጋር እኩል እንዲፎካከር የሚሰጠው ማካካሻ» ብላ አብራራች። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና «አካል ጉዳት» ብዬ ጻፍኩበት። ሁለት ማርክም ቀነስኩ። ልትከራከረኝ ቢሮዬ ድረስ መጣች። «መዝገበ ቃላት እዪ» ብዬ መለስኳት። የጎልፍ ዱላ በዓይኔ እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር እኮ!

እስኪ የሠራሁትን ስህተት በደንብ እዩልኝ። ሃንዲካፕ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የነበረ የመለዋወጥ ጨዋታ ስም ነው። ሁለት ሰዎች ዕቃ ሊለዋወጡ ሲፈልጉ ዳኛ ያስቀምጣሉ፤ ዳኛው የማንኛው ዕቃ በምን ያህል እንደሚበልጥ ይወስናል፤ መያዣ ገንዘብ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፤ እነሱም እጃቸውን ባርኔጣው ውስጥ ከትተው ሲያወጡ መስማማት አለመስማማታቸው ይታወቃል። ስሙም «እጅ በባርኔጣ» ከሚለው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፈረስ ግልቢያ ገባ፦ ውድድሩ እኩል እንዲሆን ፈጣኑ ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ይጫንበት ጀመር። ከዚያ ወደ ጎልፍና ወደ ሌሎች ስፖርቶች ተዛመተ። ለአካል ጉዳት መጠሪያ የሆነው በመጨረሻ፣ ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ግድም ነው። እኔ እንግዲህ የኋለኛውን ትርጉም አምጥቼ በፊተኛው ላይ ጫንኩት። ለዚያውም ሸክሙ መጀመሪያ የተጫነው በጎበዙ ፈረስ ላይ ነበር።

(ቃሉ የመጣው ባርኔጣ ዘርግተው ከሚለምኑ አካል ጉዳተኞች ነው የሚል ወሬም አለ። እሱም ውሸት ነው፤ ሼር እንዳታደርጉት።)

ጎልፍ ላይ አሠራሩ ቀላል ነው። 72 ምት በተመደበለት ሜዳ ላይ 12 ሃንዲካፕ ያለው ሰው 84 ጊዜ መትቶ ቢጨርስ፣ 12ቱ ተቀንሶለት 72 ይያዝለታል። በቃ። ሰፈር ውስጥ ትንንሾቹን «እናንተ ሁለት ለባዶ ጀምሩ» እንደምንላቸው ማለት ነው። ማካካሻ! ልጅቷ ያኔ የጻፈችው ቃል እስከ ዛሬ የሚተካው አላገኘሁም።

ሁለተኛው በሽታ «ፓር» ነው። ፓር ለአንድ ጉድጓድ ጎበዝ ተጫዋች ይበቃዋል ተብሎ የሚመደበው የምት ብዛት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 3፣ 4 ወይም 5። ጎልፍ ደግሞ ትንሽ የመታ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ስለዚህ ከፓር በታች መሆን ጉብዝና ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? እንግሊዝኛው በተራ ንግግር «ከፓር በታች» ሲል ደካማ ማለቱ ስለሆነ፣ ያንኑ ገልብጠን «ከደረጃ በታች ተጫውቶ ዋንጫ ወሰደ» እንላለን። ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንባቢው «ታዲያ ዋንጫውን ለምን ሰጡት?» ብሎ አይጠይቅም ወይ? ተርጓሚው ራሱ ሳይጠይቅ ማለፉ ነው የሚገርመኝ። ከዚህ ሁሉ «ከተመደበለት ምት አራት አሳንሶ ጨረሰ» ቢል ምን ነበረበት?

ወደዚያ «ያውቁ ኖሯል» ልመለስ። በፈረንጆቹ 1457 የስኮትላንድ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ፓርላማ ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን እንዲያጠብቅ ብሎ እግር ኳስንና ጎልፍን ከለከለ። ቃሉ በጽሑፍ ተገኘ የሚባለው እዚያ አዋጅ ላይ ነው። ከመነሻ ፊደላት ቃል መፍጠር በእንግሊዝኛ የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያኔ የስኮትላንድ ጸሐፊዎች የቃሉን አጻጻፍ እንኳ ገና አልተስማሙበትም፤ አንዱ ጎፍ፣ ሌላው ጎውፍ ይላል። ብዙዎቹ ሊቃውንት ዱላ ከሚለው «ኮልፍ» ከሚባል የደች ቃል ጋር ያዛምዱታል። ዱላ! ሌላ ምስጢር የለውም።

«ታዲያ ሴቶችን አላገለሉም ወይ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አግልለዋል እንጂ። ሴንት አንድሩስ ያለው ስመ ጥሩው ክለብ ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል ድምፅ የሰጠው በ2014 ነው። በደሉ እውነት ነው፤ የቃሉ ታሪክ ግን ተረት ነው። ለእውነተኛ በደል የውሸት ማስረጃ ስታቀርቡለት የምትጎዱት በዳዩን አይደለም፤ ለነገ ማስተባበያ ታቀብሉታላችሁ።

አሁን ኮሜንት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ሁሉም በአማርኛ ይሁን» ባዩ ነው። ለእሱ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «በርዲ»ን ምን ልትለው ነው? ከፓር አንድ ምት አሳንሶ መጨረስ ነው። «ወፊት» ልትል ነው? አሜሪካኖቹ ያኔ በአራዳ ቋንቋቸው ጥሩ ነገርን «ወፍ» ይሉ ነበር፤ እኛ «አሪፍ» እንደምንለው። ከዚያ ወፉ አደገና ሁለት ያሳነሰው ንስር፣ ሦስት ያሳነሰው አልባትሮስ ተባለ። «ቦጊ» ደግሞ ልጆች የሚፈሩት ጭራቅ ነው። በ1890ዎቹ እንግሊዞች የማይታይ ተጋጣሚ ፈጥረው ኮሎኔል ቦጊ አሉት፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚፎካከሩት ከእሱ ጋር ነበር። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ቃሉ ከፓር አንድ ምት ለሚበልጥ ውጤት ሆነ። እነዚህ ስሞች ናቸው፤ ቀልድም አለባቸው። ተዋቸው። «ካዲ»ም ቢሆን ከፈረንሳይኛ ወደ ስኮትላንድ የተሻገረ ነው፤ ታናሽ ከሚለው ቃል መጥቶ ተላላኪ ልጅ ሆነ፣ ከዚያ ዱላ ተሸካሚ። የጦር ትምህርት ቤቱ «ካዴት» የአክስቱ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ ከደች፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከላቲን ሲቃርም ያላፈረበትን እኛ ምን ያሳፍረናል? ልጅቷ «ቲቸር» ስትለኝ ስንት ዓመት ሙሉ ማርክ ቀንሼባት አላውቅም።

ሁለተኛው ደግሞ የባሰው ነው፦ «ሾቱን መትቶ ቦሏን ከሆሉ አጠገብ ሳንዱ ላይ አሳረፋት» የሚለው። ኳስ የለንም? ጉድጓድ የለንም? አሸዋ? ምት? የእግር ኳስ ጋዜጠኞቻችን እኮ የማዕዘን ምት፣ የቅጣት ምት፣ ግብ ጠባቂ፣ ከጨዋታ ውጭ እያሉ በአፋቸው አለስልሰው ሰጥተውናል፤ ጎሉን ደግሞ ጎል ብለው ተዉት፣ ማንም አልሞተም። እኛ ራሳችን በየገናው በቆልማማ ዱላ ሩር ስንለጋ የኖርን ሰዎች ነን። (ሩር የምትለዋን ለጎልፍ ኳስ ብሰጣት ደስ ይለኝ ነበር። ማንም እንደማይቀበለኝ ስለማውቅ አልገፋበትም።)

የደንቡ ባለቤቶች ራሳቸው ቃል ሲከብድ ይቀይራሉ። በ2019 ደንቡን ሲያሻሽሉ፣ ውኃውንና አደጋውን የሚያመለክተውን የድሮውን ስያሜ አንስተው «የቅጣት ክልል» የሚል አስገቡ፤ ሰው ሁሉ እንዲገባው። «ክልል» እና «ቅጣት» ደግሞ እኛም ዘንድ አሉ፤ ያለ ምንም ጭንቀት ይተረጎማል። አየር ላይ ያለች ኳስ ወደ ሰው ስትሄድ ግን «ፎር!» ብለው ነው የሚጮኹት፤ እሱን አልነኩትም።

ልጅቷን ትናንት ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሳቀች። «ቲቸር፣ እዚህ የሐበሻ ልጆች ብዙ ነን» አለችኝ። «ኳስ ወደ እኛ ስትመጣ ፎር የሚል የለም። ዞር በል! ነው የምንለው።»

ሁለቱን ማርክ መልሼልሻለሁ፤ 18 የነበረው 20 ይባልልኝ። ወረቀቱን ካላጣሽው ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ በቀይ የጻፍኩትን በራሴ እጅ ልሰርዘው።