ስም ከማውጣት በፊት ማየት ይቀድማል

ሰንበት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ጊዜ አገኘሁና ልጻፍ አልኩ። የምጽፈው ስለ አንዲት ጥንዚዛ ነው። አትሳቁብኝ፣ ታገሱኝ።

ልጄ ከትምህርት ቤት የባዮሎጂ ሥራ ተሰጥቷት ስታነብ ቆየችና «አባ፣ ከአፍሪካ ሄዳ ከ50 ዓመት በላይ ስም ሳይወጣላት የቆየች ጥንዚዛ እንዳለች ታውቃለህ?» አለችኝ። ከየት አውቄ! አብረን ተቀምጠን አነበብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊሊያም ብሎክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1964 እና በ1965 ኬንያ ውስጥ፣ በናይሮቢ አካባቢ፣ ከአፈርና ከረገፈ ቅጠል ሥር ጥቃቅን ነፍሳትን ይሰበስብ ነበር። የሰበሰበው በኋላ ለንደን ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገባ። ከዚያ ሁሉ መካከል የአንዷ ርዝመት 0.79 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም ማለት ነው። ዐይን የላትም፣ ክንፍም የላትም፣ መልኳ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ማይክል ዳርቢ የተባለ ተመራማሪ ያልተነካውን የሙዚየሙን ክምችት ሲመረምር አገኛትና በ2019 ኔሎፕቶደስ ግሬቴ ብሎ ስም አወጣላት። ስለ አየር ንብረት ለውጥ በምትታገለው በስዊድናዊቷ በግሬታ ቱንበርግ ስም መጥራቱ ነው።

ጋዜጦቹ ያወሩት ስለ ግሬታ ነበር። የእኔን ልብ የያዘው ግን ስሙ ከመውጣቱ በፊት ያለው ድካም ነው። አንድ ሊቅ «ይህች አዲስ ናት» ለማለት በመጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ያያታል፣ ይለካታል፣ ዘመዶቿ ናቸው ከሚባሉት ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ያስተያያታል። በዚህች ጥንዚዛ ላይ ልዩ ምልክት ሆኖ የተገኘው ዐይኖቿ መሆን በነበረባቸው ቦታ መካከል ያለች ትንሽ ጉድጓድ ናት። አስቡት፣ ከጤፍ ፍሬ በማትበልጥ ፍጥረት ራስ ላይ ያለች ጉድጓድ! ከዚያ በኋላ መግለጫው ይጻፋል፣ ናሙናዋም የት እንደተገኘች ከሚናገር ጽሑፍ ጋር ማንም መጥቶ እንዲያያት ትቀመጣለች። የእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግም አለው። ከ1930 በኋላ የወጣ ስም ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ከሌለው ስም ተብሎ አይቆጠርም። ደግሞም በሥርዓቱ ቀድሞ የታተመው ስም ይጸናል። በኋላ የመጣ ሊቅ «አልጣመኝም፣ ለአፌ ከበደኝ» ብሎ ሊለውጠው አይችልም።

እዚህ ላይ ስንደርስ ዝም አልኩ። ልጄ «ምን ሆንክ?» አለችኝ።

እናቴ ያወጣችልኝ ስም ማስረሻ ነው። ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ በኩፍኝ ሞቶባት ነበርና፣ እኔ ስወለድ ሐዘኗን አስረሳኋት። በ1984 መጨረሻ በሱዳን በኩል ስንገባ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በመጀመሪያው የትምህርት ቀን መምህርቷ ስሜን ሁለት ጊዜ ሞከረችው፣ አልሆነላትም፤ «ከዛሬ ጀምሮ ሞሼ ነህ» አለችኝና በደብተሬ ላይ ጻፈችው። ክፉ ሰው አልነበረችም፣ እጄን ይዛ አሌፍ ቤት ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ግን ምን ማለት ነው ብላ አልጠየቀችም። ብትጠይቅማ ኖሮ ስሜ ከኦሪት ሳይወጣ ያለ መሆኑን ታገኘው ነበር! ዮሴፍ በግብፅ አገር የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራውን ስላስረሳው አይደለምን? ማስረሻና ምናሴ አንድ ስም ናቸው። መዝገቡ ላይ ምናሼ ብላ ብትጽፈኝ እናቴም ደስ ይላት ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ አይደለም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። የልደት ቀን በግምት ተጻፈ። አባቴና አጎቴ አንድ አባት ወልዷቸው ዛሬ በቴዑዳት ዜሁት ላይ የተለያየ የቤተሰብ ስም አላቸው፤ አንዱን በአባቱ፣ ሌላውን በአያቱ ስም መዝግበውት ነው። የናይሮቢዋ ጥንዚዛ እንኳ ከየት እንደመጣች በትክክል ተጽፎላታል።

አንዳንድ ሰዎች «የዕብራይስጥ ስም የአባቶቻችን ስም ነው፤ አብራምም አብርሃም ተብሏል፣ ያዕቆብም እስራኤል ተብሏል» ይሉኛል። እውነት ነው። ግን ስማቸውን የለወጠው ከማህፀን ጀምሮ የሚያውቃቸው ነው፣ ለምን እንደለወጠውም ነግሯቸዋል፤ የድሮ ስማቸውም ከኦሪት አልተፋቀም። አዳምም ቢሆን እንስሳቱ ፊቱ ከቀረቡ በኋላ ነው ስም ያወጣላቸው፤ ሳያይ አልጠራቸውም።

እርግጥ የሊቃውንቱም ሥራ ቅር ሳይለኝ አልቀረም። በኬንያ አፈር የኖረች ፍጥረት በስዊድን ልጅ ስም መጠራቷ ምን የሚሉት ነው? ግሬታን ጠልቼ አይደለም፤ ከተገኘችበት መሬት ቋንቋ አንድ ቃል ጠፍቶ ነው ወይ ለማለት ነው። ቢሆንም ዳርቢ ሰውነቷን ሁሉ መርምሮ፣ ከሌሎች የምትለይበትን ጽፎ ነው የሰየማት። እኔ ያንን ያህል አልታየሁም።

ዛሬ ሕጉ ስማችንን እንድንመልስ ይፈቅድልናል፤ የመለሱም ወጣቶች አሉ፣ ደስ ይለኛል። እኔ ግን 40 ዓመት ሞሼ ተብዬ ሠርቻለሁ፣ ልጆቼም የሞሼ ልጆች ተብለው አድገዋል፤ አሁን ልፋቀው ብል ያኛውን ልጅ ደግሞ መቅበር ይሆንብኛል። የምለው ለሚቀበሉት ሰዎች ነው። በጹር ይስራኤል ዘመቻ እስከ 2023 ድረስ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የገቡት ልጆች አሁን ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። መምህር ሆይ፣ ስሙ ከከበደህ ሦስተኛ ጊዜ ሞክረው። ከዚያም ማን እንዳወጣለትና ለምን እንዳወጣለት ልጁን ጠይቀው፤ አማርኛ ካላወቅህ ደግሞ እናቱን በአስተርጓሚ ጠይቃት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ልጄ ሥራዋን ስትጨርስ ስሟን ጻፈችና «አባ፣ ማስረሻ በዕብራይስጥ በሳሜኽ ነው በሺን የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ሳሜኽ፣ ቀጥሎ ሬሽ፣ ከዚያ ሺን አልኳት።