እግር የደከመ ቀንስ?

የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከሪዮ ኦሎምፒክ (2016 እ.ኤ.አ.) ወዲህ እዚህ ካኩማ ሯጭ መሆን የማይመኝ ልጅ ጥቂት ነው። አይፈረድባቸውም። የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን 10 አባላት ነበሩት፣ 5ቱ ከዚሁ ካምፕ የወጡ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ናቸው። የእኛው ዮናስ ክንዴም በ36 ዓመቱ ማራቶን ሮጦበታል። ፕሮሰስ እየጠበቀ ላደገ ልጅ ሩጫ የመውጫ በር ሆኖ ቢታየው ምን ይገርማል? እኔም አትሩጡ አልልም። የሚያሳስበኝ፣ ልጁን "ሩጥና አውጣን" እያልን እግሩ እምቢ ስላለ ቀን ምንም አለማሰባችን ነው።

አበበ ቢቂላን አስቡት። በ1960 ሮምን በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በጥቂት ሳምንታት ቶኪዮ ላይ ደገመው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን በእግር ጉዳት ውድድሩን አቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፣ በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ።

ቀነኒሳ በቀለም በ2008 ቤጂንግ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ወርቅ ወሰደ። በ2010 ባቱን ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ከውድድር ራቀ። ከዚያ በኋላም ሕመሙ አንዴ ባቱን አንዴ የተረከዙን ጅማት እያለ ሲመላለስበት ኖረ። በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጦ ክብረ ወሰኑን በ2 ሰከንድ ብቻ ሳተው። እሱ ግን ሐኪም ነበረው፣ የሚያርፍበት ጊዜና ገንዘብም ነበረው። አበበም ሲጎዳ እንግሊዝ ድረስ ተልኮ ታክሟል።

የእኛ ልጅ ማን አለው? ወጌሻ ያሸዋል፣ ማስታገሻ ይውጣል፣ በማግስቱ ይሮጣል። ማስታገሻ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ጉዳቱን አያድንም። ጅማት ብዙ ደም ስለማይደርሰው ለመዳን ወራት ይፈልጋል። በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን ደግሞ አንዴ ከተበላ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

የማውቀው አንድ ልጅ ከፎርም ቱ አቋርጦ ሁለት ዓመት ሮጠ። ዛሬ በ24 ዓመቱ የራሽን ሰልፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ ያቅተዋል። ጫማ የላኩለት ዘመዶቹ አይደውሉም። ተመልሶ ከታናናሾቹ ጋር እንዳይማር ያፍራል።

"ትምህርትስ የት አደረሰህ?" የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ የማስተምረው በኢንሰንቲቭ ክፍያ ነው። ግን በ50 ዓመቴም ጠመኔ መያዝ እችላለሁ። ሯጭ በዚያ ዕድሜው በእግሩ እንጀራ አይበላም።

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ ጫማ ላኩ፣ ግን የትምህርት ውጤቱንም ጠይቁ። ስትደውሉ "መቼ ነው የምታሸንፈው?" ከማለት በፊት "እግርህ እንዴት ነው?" በሉት። ወላጆች፣ የሚያነክስ ልጅ አታሯሩጡ። ሕመሙ ሳምንት ካለፈው ክሊኒክ ይታይ። እኛ እዚህ ያለነው ደግሞ ለለቅሶ እድር እንዳለን ሁሉ፣ ለተጎዳ ልጅ የራጅ ገንዘብ ማዋጣት አያቅተንም። መሮጥ ያቆሙትንም ሰዓት ያዥ፣ አሰልጣኝ፣ የስፖርት መምህር አድርገን እንጥራቸው። ጉልበታቸው ቢያልቅም የሚያውቁት አላለቀም።

በየካምፓችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ዛሬ ደውሉለት። ሐሳባችሁንም ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ሰላም ያገናኘን።