ለሜታ ኩባንያ፦ ዐውዱ ያልተነበበ ቃል

የጥላቻ ንግግር በዓለም አቀፍ ሕግ በቃሉ ብቻ አይመዘንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 20 ለመድልዎ፣ ለጠላትነት ወይም ለጥቃት የሚያነሳሳ የጥላቻ ቅስቀሳ እንዲከለከል ያዛል፤ በአንቀጽ 19 ደግሞ ንግግርን የሚገድብ ሁሉ ገደቡ በሕግ የተደነገገና አስፈላጊ መሆኑን ማሳየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር ለዚህ ስድስት መመዘኛዎች አስቀምጧል፤ የመጀመሪያው ዐውድ ነው። ተናጋሪው፣ ዓላማው፣ ይዘቱ፣ ስርጭቱና ጉዳት የማስከተል ዕድሉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ሜታ በገጾቹ በሚወጡ ጽሑፎች ላይ የሚሰጠውን ውሳኔ የሚመረምር ቦርድ ማቋቋሙ ይነገርለት። ምስጋናው ግን ከዚህ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ሰሜን ወሎ ውስጥ ስላለው ራያ ቆቦ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ መጀመሪያ በጥላቻ ንግግርነት ወረደ። ቦርዱ ጉዳዩን ሲመርጠው ኩባንያው ማውረዱ ስህተት ነበር ብሎ መለሰው። በታኅሣሥ ቦርዱ መወገዱ ተገቢ እንደነበር ወሰነ፤ ምክንያቱ ግን አሁን ያልተረጋገጠ ወሬ ሆነ። አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት ንባብ። በእነዚያ ወራት የትግራይ ጦርነት እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ነበር።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከቋንቋው ነው። ጁንታ የሚለው ቃል መጀመሪያ ለሕወሓት አመራር የተሰጠ ስያሜ ነበር፤ ውሎ አድሮ በአንዳንዶች አፍ ምንም ላላጠፋ የትግራይ ተወላጅ ጎረቤት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ፊደሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚጠራው ሰው ነው። ይህን ልዩነት የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር አይለየውም። ዝርዝሩማ ጸሐይና ፀሀይ አንድ ቃል መሆናቸውን እንኳ ካልተነገረው አያውቅም። ቃሉ ማንን እንደሚመታ የሚያውቀው በዚያ ሰሞን በዚያ አገር የኖረ አንባቢ ነው፤ ኩባንያው የቆጠበውም በእሱ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ቤይሩትና ዋሽንግተን ለቅሶና ሠርግ የሚጠያየቅበትን የሜታን ገጽ አምኖ የተቀበለ ሕዝብ ይህ አይገባውም ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግ አውጪዎችም ከዚህ ስህተት አልዳኑም። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥቆማ የደረሰውን ይዘት በ24 ሰዓት ማንሳትን ይጠይቃል፤ ሰዓቱን ቆጥሮ አንባቢውን ይዘነጋል።

ቦርዱ ኩባንያው ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ያለው አቅም በገለልተኛ ጥናት በስድስት ወር እንዲመረመር ጠይቆ ነበር። የጥናቱ ሙሉ ውጤት በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ለሚመለከታቸው ሰዎች ሊታተም ይገባል።